ከሦስቱ ዝቅ ያለችው

አባቴ ሣር አጫጅ ነበር። ሳንባቸውን የታመሙ ሰዎች የሚያገግሙበት አንድ ትልቅ ቤት አለ፤ በዙሪያው ሰፊ መስክ ተዘርግቷል። አባቴ ያንን መስክ በእጅ በሚገፋ ማጨጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያጭዳል። ስምንት ቀን ይፈጅበታል፤ ከዘነበ አሥር። ሲጨርስ የጀመረበት ጫፍ አድጎ ይጠብቀዋል። ዞሮ እንደገና ይጀምራል።

የምንኖረው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ባላት ቤት ነበር። ቤቷ የአጫጁ ናት። የሚያጭድ ይኖርባታል፤ ማጨድ ያቆመ ለቅቆ ይወጣል። ይህን ማንም አልደበቀኝም። ግድግዳው ላይ ሚስማር ስመታ እናቴ «ተው፣ የሣሩ ቤት ነው» ትለኝ ነበር። እሷ በማጠቢያው የቀን ሠራተኛ ናት፤ አንሶላ ታጥባለች። ለቀን ሠራተኛ ቤት አይሰጥም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ የሚያጭደው ባዶ እግሩን ነው። ጫማውን ያወልቅና ማሰሪያውን ቋጥሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ግራ እግሩን በታጨደውና ባልታጨደው ሣር ድንበር ላይ እያሳረፈ ይሄዳል። ረጅሙ ሣር ቁርጭምጭሚቱን ይነካዋል፣ አጭሩ ውስጥ እግሩን ይወጋዋል፤ በመካከል መስመሩን ይዞ ይነጉዳል። ሕሙማኑ በረንዳው ላይ ተጋድመው ያዩታል። «በክር የተሰመረ ነው የሚመስለው» ይላሉ። እኔ ጫማውን የሚያወልቀው እንዳያልቅበት ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት «የአባቴ ጫማ አራት ዓመቱ ነው» ብዬ ጉራ ነፍቼበታለሁ።

ለጫማው ብሎ አልነበረም። አባቴ አያይም ነበር።

ብርሃንና ጥላ ይለያል። ነጭ ነገር ፀሐይ ሲያርፍበት ይታየዋል። ከዚያ ያለፈ የለም። ከአባቱ የወረደ ነገር ነው። አያቴን በአርባ ዓመታቸው ሰው በእጅ ይመራቸው ነበር። የአባቴን ታላቅ ወንድም ደግሞ ገና በልጅነቱ ያዘው፤ በአሥር ዓመቱ ከሩቅ ያለ ነገር አይታየውም ነበር ይባላል። የዘር መሆኑን እናቴ የነገረችኝ አባቴ ከሞተ በኋላ፣ እኔም የራሴን ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ያኔ አለማየቱን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እኔ ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ እየበላሁ አላወቅኩም።

እንዳላውቅ የሚያደርግ ቤት ነበር። ወንበር ከቦታው አይነቃነቅም። ባልዲ መተላለፊያ ላይ አይቀመጥም። አንድ ቀን የእንጨት መኪናዬን በር ላይ ትቼ አባቴ ረግጦት ወደቀ፤ እናቴ በማማሰያ መታችኝ። ሥርዓት የሚወዱ ሰዎች ናቸው ብዬ አሰብኩ።

አንድ ጠዋት አስተዳዳሪው ወደ መስኩ መጣ። ረጅም፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ሰው ነበር። አባቴ የማጨጃውን እጀታ ይዞ ቆመ።

«ሰማህ፣ ይህን ነገር መግፋት ይበቃሃል» አለው። «ትራክተር ልንገዛ ነው። አዲስ እንዳይመስልህ፤ ለአዲስ አቅሙ የለንም። አምስተኛ የሚሉት ሰውዬ ግቢ ውስጥ አሮጌ ትራክተሮች አሉ። አንተ ድሮ እርሻ ላይ ነድተሃል አይደል?»

«ነድቻለሁ።»

«እንግዲያው አንተው ምረጥ። የምትቀመጥበት አንተ ነህ። ለሣር የምትሆነውን አንተ ታውቃለህ።»

አባቴ «በእጅ ይሻላል፣ ጌታዬ» አለ። «ትራክተር መሬቱን ይጫነዋል።»

«ሌላ ሰው ቢሆን እኮ እጄን ይስመኝ ነበር።» አስተዳዳሪው አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ። «ካልቻልክ ንገረኝ። የሚነዳ ሰው አይጠፋም።»

«እችላለሁ» አለ አባቴ።

እኔ የሰማሁት «ትራክተር» የሚለውን ብቻ ነው። ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። አንሶላ እየጨመቀች ነበር። መጭመቋን አላቆመችም። «እሺ» ብቻ አለች። ማሽን ስለማትወድ ነው አልኩ። ማጠቢያው ውስጥ አንድ መተኮሻ ማሽን ነበር፤ የአንዲት ሴት ጣት ከበላ ወዲህ እናቴ አጠገቡ አትደርስም።

እራት ላይ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ፤ ግን ልጅ የማይገባውን ነገር ልጅ ፊት ማውራት ይቻላል።

«እንዴት አድርገህ?» አለችው።

«ዝቅ ያለች ካገኘሁ እግሬን አወርዳለሁ።»

«ጎማው ቢይዝህስ?»

«አይዘኝም።»

«ንገረው። ሰውዬው ክፉ አይደለም።»

«ክፉ አይደለም። ቤቱ ግን የእሱ አይደለም፣ የሥራው ነው። ምን ይሰጠኛል?»

እናቴ ድንቹን ልጣ ለእሱ አስቀመጠችለት፤ ሁልጊዜ በሳህኑ ቀኝ በኩል። «እንግዲያው ልጁ አብሮህ ይሂድ» አለች።

በማግስቱ ከበር ስንወጣ ጠራችኝ። «በግራው በኩል ሁን። እጁን ያዝ።»

«ትልቅ ልጅ እጅ አይያዝም» አልኳት።

«አንተ ያዝ።»

እንዳልጠፋ ፈርታ መሰለኝ። መንገዱን ሁሉ ያዝኩት። ትልልቅ ልጆች ካዩኝ ብዬ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር እጎትተው ነበር፤ የምጎትተው ለመልቀቅ ነው። እሱ ግን እጄን በተሳበበት አቅጣጫ እየተከተለ ድንጋዩን ዞሮ ያልፋል።

ሰውየውን አምስተኛ የሚሉት በአምስተኛ ማርሽ ነው። ሲያወራ ፍሬን የለውም። ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ ነው። በሩ ተንጋዷል፤ አባቴ በትከሻው ገፋ አደረገውና ቆመ። ከዚያ እስከ መጠለያው ድረስ ባዶ ሜዳ ነው፤ መሬቱ በዘይት ጠቁሯል። በመጠለያው ሥር ሦስት ትራክተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል።

ከበሩ ሆኜ ሦስቱንም አየሁ። ቀዩ ትልቅ ነው፤ የጭስ ማውጫው ከመጠለያው ጣሪያ ሊደርስ ምንም አልቀረው። አረንጓዴው ከላዩ ጥላ አለው። ሦስተኛዋ ግራጫ፣ ትንሽና ዝቅ ያለች ናት። ግራጫዋ ከሞተሩ ኋላ፣ ሆዷ ላይ፣ ቀበቶ የታጠቀች ትመስላለች። ስንዝር የሚሰፋ ነው። እሱም ግራጫ ነው፤ ግን ከሌላው ገላዋ ይጠቁራል። በመሃሉ ዝገት ወርዶበታል፤ እንደ እንባ መንገድ። አየሁና ተውኩት። ልቤ ቀዩ ላይ ነበር።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ አምስተኛ። «አስተዳዳሪያችሁ ልኮብኛል። ምረጡ እንግዲህ። እኔ ልጁን እንደሚድር አባት ነኝ፤ ነውሯን አልደብቅም። ብትመለስብኝስ? ደግሞ እኔው ነኝ የማበላት።»

«ቀዩን አስነሣው» አለ አባቴ። ስንገባ «ቀይ አለ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔም «ከበስተቀኝ» ብዬዋለሁ። ምኞቴን ያወቀ መስሎኝ ነበር።

አምስተኛ ቀዩን አስነሣ። ግቢው ተናወጠ። አባቴ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። የዘይት መለኪያውን አወጣ፤ በሁለት ጣቱ አሸት አድርጎ አሸተተው። ጎማውን በተረከዙ መታ መታ አደረገው።

«ሞተሩ ደህና ነው» አለ። «ክብደቱ ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት መስኩ ላይ ቢወጣ ያርሰዋል። ሕሙማን የሚሄዱበት ሣር ነው፤ ቦይ አይፈልጉም።»

እኔ ተናደድኩ። አፌን ግን አልከፈትኩም።

ለዚህ ምክንያት አለኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለትምህርት ቤት ጫማ ልንገዛ ገበያ ሄደን፣ «ይኼን! ይኼን!» ብዬ ስጮህ ነጋዴው ዋጋውን ሰቀለው። አባቴ ባዶ እጃችንን ይዞኝ ወጣ። መንገድ ላይ «ገበያ ውስጥ ያየኸውን አትናገር» አለኝ። «ጥሩም አይተህ፣ መጥፎም አይተህ። ሻጭ ዓይንህ የት እንዳረፈ ካወቀ ተሸጥክ። የሚጠይቅህ እኔ ብሆን እንኳ፣ ሻጭ ፊት ምንም አላየሁም በል።» እሱ ያኔ ጫማ ነበር የሚያስበው። እኔ ግን እንደ ሕግ ያዝኩት።

አረንጓዴው ተነሣ። አባቴ ቆሞ አዳመጠ፤ አልነካውም። «ከአራቱ አንዱ ተኝቷል» አለ።

አምስተኛ አጠፋው። «አንዱ ፒስተን? ይህ ጆሮ ነው ወይስ ራዲዮ?» ሳቀ። «እውነት ነው። ለማንም አልነገርኩም ነበር። ማሙሽ፣ አባትህ ሌባ ቢሆን ኖሮ ካዝና ይከፍት ነበር።»

ደረቴ ተነፋ። የዓለም ሰው ሁሉ በዓይኑ ሲመርጥ አባቴ በጆሮው ይመርጣል። ይህን ለጓደኞቼ እንዴት እንደምነግራቸው ማሰብ ጀመርኩ።

ግራጫዋ ጋ ሲደርስ «ቁጥሯን አንብብ እስቲ» አለኝ። «ትምህርት ቤት የምትሄደው ለፊደል ነው ወይስ ለእረፍቱ?» ሞተሩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ሠሌዳ አነበብኩለት፤ ቁጥሩን፣ የተሠራችበትን ዓመት። ከአባቴ በሦስት ዓመት ታንሳለች። ፈተና መሰለኝና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

ወጣና ተቀመጠባት። እጁ መሪውን፣ ማርሹን፣ ፍሪሲዮኑን አንድ በአንድ አገኛቸው። ከዚያ ግራ ጫማውን አወለቀ። እግሩን ከመርገጫው ላይ አንሥቶ ወደ ታች ለቀቀው። ውስጥ እግሩ መሬቱን ነካ። አንሥቶ እንደገና ነካው። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ።

«ጌታው፣ መንዳት ነው ወይስ ዋና?» አለ አምስተኛ።

አባቴ ፈገግ አለ። እኔም ሳቅኩ። ትልቅ ሰው ዥዋዥዌ ላይ እንደወጣ ሕፃን እግሩን ሲያወዛውዝ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ያንን እግር ሳስበው አልስቅም። ከኋላው ከወገብ በላይ የሚቆም ጎማ አለ። አባቴ እየነዳ፣ ከዚያ ጎማ አንድ ስንዝር ፊት፣ የሣሩን ድንበር በባዶ እግሩ እየነካ ሊሄድ ነው። ሦስቱን ትራክተር የመዘነው በዚህ ነው። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ ክብደቱም፣ ፒስተኑም። ግን እግሩ ባይደርስ ኖሮ ግራጫዋንም አይገዛም ነበር። ምን ብሎ እንደሚመለስ አላውቅም።

ስትነሣ ድምጿ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ወጥ ነው። የአባቴ ትከሻ ወረደ።

«እንግዲህ ዙሪያዋን እዩ» አለ አምስተኛ። «ኋላ አልነገርከንም የሚል ነገር አልወድም። ዓይን ያለው ያያል።»

አባቴ ወረደ። መዳፉን ገላዋ ላይ አድርጎ መዞር ጀመረ። ከራዲያተሩ ተነሥቶ፣ በሞተሩ አልፎ፣ ወደ ሆዷ መጣ። እጁ ቀበቶው ላይ ሲደርስ አየሁት። አልቆመም። አለፈው።

ቆይቼ የገባኝን ልናገር። ትራክተር እንደ መኪና ሻሲ የለውም። የሞተሩ ቤትና የካምቢዮው ቤት ተጋጥመው አከርካሪ የሚሆኑት ራሳቸው ናቸው። ያ ቀበቶ ተሰንጥቆ የተበየደ አከርካሪ ነበር። በያጁ በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቀለም ቀብቶታል። ለእጅ ልስልስ ያለ ነው። ለጆሮ ድምፅ የለውም። ለዓይን ግን ከበሩ ይታያል። አምስተኛም ይህን ያውቃል፤ ያየ ሰው ዋጋ ይቀንስበታል፣ ያላየ የራሱ ጉዳይ ነው። ውሸት አልተናገረም።

አባቴ ዞሮ ወደ እኔ መጣ። ጎንበስ ብሎ፣ በጆሮዬ፣ «ያየኸው ነገር አለ?» አለኝ።

ቀና ስል አምስተኛ እያየኝ ነው። ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ ይዞታል። ቀበቶውን አስታወስኩ። አባቴ እንዳየው እርግጠኛ ነበርኩ፤ እጁ በላዩ አልፏል እኮ። አሁን የሚፈትነኝ ነው፤ ጫማው ጊዜ ያለኝን እንደያዝኩ ሊያይ ነው።

«የለም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምንም አላየሁም።»

ራሴን ዳሰስ አደረገኝ። «ጥሩ» አለ። ደስ አለኝ።

የአምስተኛ ሠራተኛ እየነዳ አደረሰን። እኛ ከኋላ ባለው ተጎታች ላይ ተቀመጥን። እናቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። የጠየቀችው አባቴን ሳይሆን እኔን ነው። «ዙሪያዋን አይታችኋል?»

«አይተናል» አልኳት። አልዋሸሁም።

ሦስት ሳምንት ነዳ። ከኋላዋ ሰፊ የመቁረጫ ምላጭ ተገጠመላት። የስምንት ቀኑ ሥራ ሁለት ቀን ሆነ። እናቴ በዚያ ሰሞን የአንሶላ ማስጫውን ቦታ ቀየረች። ከማጠቢያው አጠገብ ያለውን ገመድ ትታ፣ መስኩ ጫፍ ላይ ሁለት እንጨት ተክላ አንድ ነጭ አንሶላ ታሰጣለች። አባቴ ወደ አንሶላው ይነዳል። ሲደርስ ይመለሳል፤ እናቴ እንጨቶቹን ነቅላ ጥቂት ወደ ጎን ታዛውራለች። ቀኑን ሙሉ። እንዲያ ያለ ሞኝ ሥራ አይቼ አላውቅም። «አንድ አንሶላ ለማድረቅ መስኩን ሁሉ ዞርሽ» ስላት፣ «ነፋሱን እየተከተልኩ ነው» አለችኝ።

በረንዳ ላይ ያሉት ግን መስመሩን አወደሱት። «እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል» አሉ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከምሳ በፊት፣ የፊት ጎማዎቿ የዝናብ ውሃ መውረጃው ውስጥ ገቡ። ጥልቅ አይደለም፤ ልጅ ይዘለዋል። ትራክተሯ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸች። ከመሃሏ ጎበጠች። ፊቷ ወደ ፊት ተደፋ፣ ኋላዋ ቀረ። ዘይቱ በታጨደው ሣር ላይ ፈሰሰ፤ ጥቁርና ትኩስ። አባቴ መሪው ላይ ተደፍቶ ቀና አለ። ግራ እግሩ መሬት ላይ እንዳለ ነበር። አልተጎዳም። በረንዳ ላይ ያሉት ተነሥተው ቆመው ነበር።

አስተዳዳሪው አምስተኛን አስጠራ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሰዎች ትራክተሯ ዙሪያ ቆሙ። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ።

«እኔ ዙሪያዋን እዩ ብያለሁ» አለ አምስተኛ። «ምስክሬ ልጁ ነው። ማሙሽ፣ አላልኩም?»

«ብለዋል» አልኩ።

«ሰማችሁ።»

አስተዳዳሪው ተንበርክኮ የተሰበረውን አየ። ስቱኮው ተፈርክሷል። «ይህን ቀለም ዕውርም ያየዋል» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አባቴን አየው። «አንተ አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ» አለ አባቴ። «ይይዛል ብዬ ነው።»

ዛሬ ሳስበው የሚያስኬደው ያ መልስ ብቻ ነበር። ለተሳሳተ አጫጅ ተቆጥተው የእጅ ማጨጃውን ይመልሱለታል። ለማያይ አጫጅ ግን የሚመልሱለት ነገር የለም።

አስተዳዳሪው ተነሣ። ጉልበቱን አራገፈ። «አይተህ ዝም አልክ» አለ ቀስ ብሎ። «ምን ሰጠህ?»

«ኧረ በሕግ አምላክ» አለ አምስተኛ።

«አንተን አልጠየቅኩም። ምን ሰጠህ?»

እናቴ በዚያን ጊዜ ከማጠቢያው መጣች። እጅጌዋን ሰብስባለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። ማን እንደጠራት አላውቅም።

«እሱ የማንንም አይነካም» አለች። «አያይም።»

«ምን አያይም?»

«ምንም። ቀለሙን አያይም። እርስዎን አያይም። ሁለት ዓመት ሆነው።»

አባቴ «ተይ» አላት። አልተቆጣም፤ እንደ ደከመው ሰው ነው ያለው።

ጥሩ ውሸት መሰለኝ። እናቴ እንዲህ ያለ ውሸት ማውጣት መቻሏ ገረመኝ። አስተዳዳሪው እጁን አንሥቶ በአባቴ ፊት ቀስ አድርጎ አሳለፈው። የአባቴ ዓይን አልተንቀሳቀሰም። በልቤ፣ ጎበዝ ነው፣ አልኩ፤ ልክ እንደ እውነት አስመሰለው። አምስተኛ ሲጋራውን ጥሎ ረገጠው። «እኔ በምን አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አላወራም።

እውነት መሆኑን ያወቅኩት በሌላ ቤት ነው፤ አባቴ እርምጃውን ባልቆጠረው ቤት ውስጥ፣ ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ።

አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አልነበረም። እስከ ወሩ መጨረሻ ቆዩ አለን። እናቴን ከማጠቢያው አላስወጣትም። አዲስ አጫጅ በሁለተኛው ሳምንት መጣ፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ቤቷን በመስኮት አየት አድርገው ሄዱ።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር። እናቴ ብርድ ልብስ ታጥፋለች። አባቴ አልጋውን ሊፈታ ከሥሩ ተቀምጧል፤ መፍቻው በእጁ ነው። ብሎኖቹን እንድቀበለው ጣሳ ሰጥቶኛል። አንዱን ፈታ። ከዚያ ቆመ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለኝ። «ያ ቀለም ሌላ መሆኑን ያን ቀን አይተኸው ነበር?»

እናቴ ማጠፏን አቆመች።

«አይቻለሁ» አልኩ። «አንተም አይተኸው ነበር እኮ።»

«እኔን ተወኝ። አንተ የት ቆመህ አየኸው?»

«በሩ ጋ።»

«አጠገቧ ስትደርስ አይደለም?»

«ገና ስንገባ። በሩ ጋ ሆነን። ቀበቶ የታጠቀች ነው የምትመስለው። ዝገትም ነበረበት።»

«ዝገቱንም ከበሩ ነው ያየኸው?»

«አዎ።»

አባቴ መፍቻውን መሬት ላይ አኖረ። ፊቱ ወደ እናቴ ዞረ።

«ሰማሽ?» አላት። «ከበሩ እስከ ትራክተሮቹ ሠላሳ ሁለት እርምጃ ነው።»

«ሰማሁ» አለች። ብርድ ልብሱን እንደያዘች ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። «ዝገቱንም ነው ያለው።»

«ዝገቱንም። በዘጠኝ ዓመቱ።»

የማጥፋቴን ልክ የሚለኩ መሰለኝ። ሠላሳ ሁለት እርምጃ ሙሉ አይቼ ዝም ብያለሁ፤ ቤታችንን እንድናጣ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጥፊውን ለመቀበል ፊቴን አዘጋጀሁ። አባቴ እጁን ዘረጋ፤ መፍቻውን ፈልጎ አነሣው። ሁለተኛውን ብሎን ፈትቶ አቀበለኝ። ሦስተኛውን ሲፈታ ማፏጨት ጀመረ። እናቴ ከጀርባዬ ፊቷን በብርድ ልብሱ ሸፍናለች። ውጭ ጋሪው ይጠብቀናል። ከቤቱ የሚወጣ ሰው ለምን እንደሚያፏጭ አልገባኝም፤ ብሎኖቹን ጣሳው ውስጥ መጣሌን ቀጠልኩ።